ሙሉ ደቂቃ

«ስልክ፣ ሰዓት፣ ቁልፍ፣ ኪስ ውስጥ የሚንሿሿ ነገር ሁሉ ወደ ቅርጫቱ!» አሉ የነርሶች ኃላፊያችን፣ ሜትሮኗ፣ በሩ ላይ ቆመው። «ባለፈው ሳምንት አንዱ ቁልፉን ሲያንቃጭል ተመስጦዬ ጠፍቶብኛል።»

«እሳቸውም ተመስጦ ነበራቸው እንዴ?» አለ ሞተር ከኋላዬ፣ ሜትሮኗ በማይሰሙት ድምፅ።

ሞተር የክፍላችን ነርስ ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው በመጀመሪያው ቀን፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ ከተባልን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስላንኮራፋ ነው። ስልኬን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጥኩ። የእጅ ሰዓቴን ፈታሁ። የቀዶ ሕክምና ክፍላችንን የመድኃኒት ቁም ሣጥን ቁልፍም ከአንገቴ አውልቄ ከላይ ጣልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ በኋላ ተጠይቄ፣ «ሁሉም ሰው ያለውን ሲጥል እኔም ጣልኩ» ከማለት ሌላ መልስ አላገኘሁም።

ክፍሉ ምድር ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ የአንሶላ ማከማቻ ነው። መደርደሪያዎቹ ተነስተዋል፤ የበረኪናው ሽታ ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። ዘጠኝ የፕላስቲክ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል። ጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ መስኮት የአላፊ አግዳሚው ጫማ ይታያል።

ሰኞና ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ ለግማሽ ሰዓት እዚህ እንድንቀመጥ የተወሰነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት አንዲት ነርስ መድኃኒት እያደለች ራሷን ስታ ወደቀች። በሳምንቱ ሌላዋ ጋዋኗን አጣጥፋ የሜትሮኗ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ደህና ሁኑ እንኳ ሳትል ሄደች። አስተዳደሩ የሥነ ልቦና ባለሙያ አመጣ። እኛም «ሰው ጨምሩልን ስንል ዝምታ ጨመሩልን» ብለን ሳቅን። ባለሙያዋ ግን ቀልዳችን ይገባት ነበር፤ ልትሸነግለን አልሞከረችም። በየንግግሯ መሀል «እፎይ በሉ» ስለምትል ስሟን እፎይ አልናት።

አንድ ሕግ ነበር፤ ደወሉ ሳይደወል መውጣት የለም። ይህም ቢሆን የሞተር ሥራ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «በሽተኛ ረሳሁ» ብሎ ወጣና ራጅ ክፍሉ ኮሪደር ላይ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ተገኘ። ሜትሮኗ በማግስቱ ሰበሰቡን። «ከእንግዲህ በሽተኛ ረሳሁ ብሎ የሚወጣ ሰው፣ ማስጠንቀቂያውን ይዞ ይወጣል» አሉ። እኔ በማርፈድ የተሰጠኝ አንድ ማስጠንቀቂያ ፋይሌ ውስጥ ነበረ። ሁለተኛው ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው የሚወስደው።

ተቀመጥን። ከግራዬ ሞተር፣ ከቀኜ እቴቴ። እቴቴ ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገለች ነርስ ናት፤ መርፌ መውጋት ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እኔን ስታስተምር የወጋሁትም ክንድ የራሷ ነበር። ሜትሮኗ የስም መቆጣጠሪያውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩ ሥር ተቀመጡ።

«ዛሬ ለየት ያለ ነገር እንሞክር» አለች እፎይ። «አንድ ደቂቃ እይዝላችኋለሁ። ትንፋሻችሁን ቁጠሩ። አታፍጥኑት፣ አታዘግዩት። ገብቶ ሲወጣ አንድ።»

ቆጠርን። ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን ረስቼው ነበር።

«በቃ። ስንት ስንት አገኛችሁ?»

«አስራ አራት» አልኩ።

«አስራ ሦስት» አለች እቴቴ።

«አስራ ስድስት።» «አስራ አምስት።» «አስራ ሁለት መሰለኝ።»

«ዘጠኝ» አለ ሞተር።

«ዘጠኝ?» አለች እፎይ።

«ሞተር ሲቀዘቅዝ እንደሱ ነው።»

ሜትሮኗም ሳይቀሩ ሳቁ። እፎይም ሳቀችና፣ «ለእናንተማ ቀላል ነው» አለች። «ቀኑን ሙሉ የሰው ትንፋሽ ስትቆጥሩ ነው የምትውሉት።»

ሳቁ ተቆረጠ። ምንም ክፋት ሳታስብ ነው የተናገረችው። እኛ ግን ወለል ወለሉን እናይ ጀመር። እቴቴ የጫማዋን ክር ፈትታ እንደገና ማሰር ጀመረች።

ከዘጠኛችን አንድም ሰው ሃያ አላለም።

ይህን ነርስ ላልሆነ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በየበሽተኛው አልጋ እግርጌ አንድ ወረቀት ተንጠልጥሏል። ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ የሚሉ አራት ዓምዶች አሉት። ለሦስቱ መሣሪያ አለን። ለትንፋሽ ግን ያለን ዓይንና ሰዓት ብቻ ነው፤ ደረቱ ሲነሳና ሲወድቅ እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቆም። ሃያ ስምንት አልጋ፣ ሃያ ስምንት ደቂቃ። ያንን ደቂቃ ማን ይሰጥሃል? አንዱ ውሃ ይላል፣ አንዱ ቁስሌ ደማ ይላል፣ የአንዱ ቤተሰብ ይጠራሃል። ስለዚህ ሃያ ትጽፋለህ። ሃያ ጤናማ ቁጥር ነው። ሃያ ማንንም አይከስም፣ ሐኪም አያስጠራም። ወረቀቶቻችንን ብታይ ከላይ እስከ ታች ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ነው። አንዴ ጠዋት ወጥቶ ለሄደ በሽተኛ ከሰዓት በኋላም ሃያ ተጽፎ ተገኝቶ፣ «የኛ ክፍል አልጋውም ራሱ ሃያ ይተነፍሳል» እየተባባልን አንድ ወር ስቀንበታል።

«አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለች እፎይ። «አስራ አምስት ደቂቃ ዝም እንላለን። ሐሳብ ሲመጣ አትጣሉት። ይምጣ፣ እዩትና ይሂድ።»

ጨፈንኩ። ለመሞከር ያህል በደቂቃ ሃያ የሚሆን ትንፋሽ ተነፈስኩ። በሦስት ሰከንድ አንድ። ደረጃ የወጣ ሰው ትንፋሽ ነው። ተኝቶ የሚያርፍ ሰው እንዲህ አይተነፍስም።

ያኔ አናጢው መጡብኝ።

ሰባተኛ አልጋ ላይ ናቸው። ከጣሪያ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሮ ትናንት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ሌሊቱን በሕመም ሲያቃስቱ አደሩና ሞርፊን ታዘዘላቸው። ንጋት ላይ የሌሊቷ ነርስ ሰጠቻቸው፤ ሦስት ሰዓት ላይ እቴቴ፤ ስድስት ሰዓት ላይ እኔ። ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ከመርፌው በፊት ትንፋሽ ይቆጠር፣ ከአስራ ሁለት በታች ከሆነ አይሰጥ፣ ሐኪም ይጠራ። ኩላሊታቸው ደከም ያለ ስለሆነ መድኃኒቱ ሰውነታቸው ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ኮሌጅ ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ስገባ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችልኝ። «እሽሽ፣ ዶክተርዬ፣ ተኛልኝ እኮ! ስንት ቀኑ እንዲህ ከተኛ።» ደስ ብሎኝ ፈገግ አልኩ። ደረታቸውን በዓይኔ ገረፍ አደረግኩት፤ ይነሳል። ሃያ ጻፍኩ። መርፌውን ቀድሞ በተተከለው ቱቦ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ያንኮራፉ ነበር፤ ረጅም፣ ከባድ ማንኮራፋት።

ሐሳብ ሲመጣ አትጣሉት ተብለናል። አልተጣላሁትም። ያንን ማንኮራፋት መልሼ ሰማሁት። አንዴ አንኮራፉ። ከዚያ ልጃቸው፣ «ሌሊቱን ሙሉ እጄን ጨብጦ ነው ያደረው፣ አሁን ገና ለቀቀኝ» አለችኝ። ከዚያ መርፌውን ጣልኩ። ከዚያ መድኃኒቱን መስጠቴን ጻፍኩ። ከዚያ ነው ሁለተኛው ማንኮራፋት የመጣው።

በሁለቱ መሀል ስንት ሰከንድ ነው? ሰባት? ዘጠኝ?

ከመርፌው በፊትስ እንዲህ ነበሩ? ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰዓት አልፏል። አጠገቤ ሞተር ማንኮራፋት ጀመረ። ሳላስበው ቆጠርኩት። አንድ። ሁለት። የሱ እንኳ ይፈጥናል።

እሾህ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ሆንኩ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ምናልባት የድካም ሐሳብ ነው። ክፍሉን ለግማሽ ሰዓት የምትጠብቅልን የጎረቤት ክፍል ነርስ አለች። ግን ሃያ ስምንቱን አልጋ ብቻዋን ይዛለች፤ ሰባተኛ አልጋ ስትደርስም ወረቀቱን ታያለች፤ ወረቀቱ ላይ ሃያ አለ። የኔ ሃያ። ወረቀቱ ባዶ ቢሆን ኖሮ ራሳቸውን ታያቸው ነበር።

ተነሳሁ። ወንበሩ ወለሉ ላይ ጮኸ።

«ቁጭ በል» አሉ ሜትሮኗ በሹክሹክታ።

«መውጣት አለብኝ።»

«በሽተኛ ረሳሁ ልትል ነው?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ፋይልህ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ። ቁጭ በል፤ አስር ደቂቃ ነው የቀረው።»

እፎይ ዓይኗን ገልጣለች። እቴቴም ገልጣለች። ዝም ብዬ ብሮጥ እችል ነበር። ግን ሜትሮኗ በሩን ዘግተው ነው የተቀመጡት፤ እሳቸውን ከወንበራቸው የሚያስነሳ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ ያለኝም አንድ ብቻ ነበር።

«ሰባተኛ አልጋ ሞርፊን ሰጥቻለሁ» አልኩ፣ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮክ ብሎ። «ትንፋሻቸውን አልቆጠርኩም። ሃያ ብዬ ጻፍኩ እንጂ አልቆጠርኩም።»

ሞተር ነቃ። ሜትሮኗ ወንበራቸውን ይዘው ከበሩ ተነሱ።

ሊፍቱን አልጠበቅኩም። ሦስት ፎቅ ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁና ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጬ ሰባተኛ አልጋ ደረስኩ። ልጃቸው እንደነበረችው ናት። መጋረጃውን ስስበው ብድግ አለች።

«ኧረ በናትህ ቀስ! ትቀሰቅሰዋለህ።»

«ሰዓት አለሽ?»

«ምን?»

«የእጅ ሰዓት። የኔ ታች ቀርቷል። አንድ ደቂቃ ያዥልኝ። ስትጀምሪ ንገሪኝ።»

ፊቴን አየችና አልተከራከረችም። እጇን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ጀምር።»

እጄን ደረታቸው ላይ አደረግኩ። ምንም። ከኮሪደሩ የጋሪ ጎማ ሲጮህ ይሰማል። ምንም። ከዚያ ደረታቸው ትንሽ ተነሳ፣ ጉሮሯቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮራኮረ፣ ወደቀ። አንድ። ጠበቅኩ። የራሴን ትንፋሽ መያዜን ያወቅኩት ጆሮዬ ሲጮህ ነው። ሁለት። ከንፈራቸው አመድ መስሏል፤ ስድስት ሰዓት ላይ እንዲህ ነበር? አላየሁም።

«ሰላሳ ሰከንድ» አለች ልጃቸው።

ገና ሁለት። እስከ ስልሳ መጠበቅ አልቻልኩም። «ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሼ፣ ዓይንዎን ይግለጡ!» ሕመሙ እንዲያነቃቸው ጡጫዬን ደረታቸው አጥንት ላይ ፈተግኩ። ግንባራቸው በትንሹ ተኮማተረ እንጂ ዓይናቸው አልተገለጠም። የዓይን ቆባቸውን ገለጥኩ፤ ብሌናቸው የመርፌ ቀዳዳ አክሏል፤ የሞርፊን ብዛት ምልክት ነው።

«ምንድን ነው? ምን ሆነ?»

«ሐኪሙን ጥሪልኝ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ሩጪ!»

ሮጠች። ትራሱን አውጥቼ አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና አደረግኩ። በእጅ የሚጨመቀውን የመተንፈሻ ከረጢት ከግድግዳው ነጥቄ አፍና አፍንጫቸው ላይ ገጠምኩና መጭመቅ ጀመርኩ። ደረታቸው ሞላ። ክፍሉን የምትጠብቅልን የጎረቤት ክፍሏ ነርስ መጣች።

«ማርከሻውን!» አልኳት። «ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው መደርደሪያ።»

ሄዳ ወዲያው ተመለሰች። «ተቆልፏል። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። አንገቴ ባዶ ነው። የሜትሮኗ ቅርጫት ታየኝ።

«ታች!» አልኩ። «ታች፣ ተመስጦው ክፍል—»

አላስጨረሰችኝም፣ ዞራ ልትሮጥ ስትል ከደረጃው በኩል ከባድ የእግር ኮቴ ሰማን። ሜትሮኗ ነበሩ፤ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ፣ ቅርጫቱን ከነስልኩ ከነሰዓቱ ደረታቸው ላይ አቅፈው። ከኋላቸው እቴቴ ሞተርን ተደግፋ ትመጣለች። ሜትሮኗ ቅርጫቱን ወለሉ ላይ ገለበጡት። ስልኮቹ ተንጋጉ። በጉልበታቸው ተንበርክከው ቁልፉን ከመሀል ለቀሙና ወረወሩላት።

ሐኪሙ ሲደርስ ማርከሻው ተሰጥቶ ነበር። እጄ ከረጢቱን መጭመቁን አላቆመም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ አናጢው አሳላቸው። ጭንቅላታቸውን ወዘወዙ፣ እጄን ገፉኝና፣ «ጭኔን! ጭኔን!» ብለው ጮሁ። ሕመማቸው ተመልሷል። እንዲህ ደስ የሚል ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ልጃቸው ግን መጋረጃውን ይዛ ታለቅስ ነበር።

ሐኪሙ ወረቀቱን ከአልጋው እግርጌ አነሳ። እኩያዬ ነው፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«ስድስት ሰዓት ላይ ሃያ ነበር» አለ። «በአንድ ሰዓት ከሃያ ወደ አራት? እንዲህ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ ጭንቅላታቸውን ራጅ ማንሳት አለብን—»

«ሃያ አልነበረም» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ።

«አልቆጠርኩም። የጻፍኩት ዝም ብዬ ነው።»

«የሦስት ሰዓቱስ? እሱም ሃያ ነው። ይህን ማወቅ አለብኝ። ጠዋት ደህና ከነበሩ የአንዱ መርፌ ጉዳይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እየወረደ ከነበረ ግን ብዙ ተጠራቅሟል፤ ማርከሻው ቶሎ ያልቅና ሞርፊኑ ተመልሶ ያስተኛቸዋል።»

የሦስት ሰዓቱ የእቴቴ ነው። የራሴን ተናግሬያለሁ፤ የሷን የመናገር መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ግን ዝም ባልኩባት በእያንዳንዷ ሰከንድ አናጢው ይጎዳሉ። አፌን ልከፍት ስል እቴቴ ከበሩ አጠገብ ተናገረች።

«የሦስቱ የኔ ነው። እኔም አልቆጠርኩም።» ከዚያ እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ «ስንት ዓመት እንዳልቆጠርኩ አትጠይቁኝ።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር። ወረቀቱ ላይ ባሉት ሃያዎች ሁሉ ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመረ። «ምንም አናውቅም ማለት ነው» አለ። «በየአስራ አምስት ደቂቃው ይቆጠራል። ሙሉ ደቂቃ። እስከ ማታ። አስር ከደረሰ ሌላ ማርከሻ።»

ልጃቸው ሁሉንም ሰምታለች። እንባዋን ጠርጋ ወደኔ መጣች። ቅድም ዶክተርዬ ያለችኝ ልጅ አልነበረችም።

«ተኛልኝ ብዬህ ነበር» አለችኝ። «ተኛልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ አንተም ሳቅህ።»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ሰው ሁሉ ዝም እንዲል ሳደርግ ነው የዋልኩት። እንዳይነቃ ብዬ።»

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አልኳት። «እሱን አውቃለሁ» አለች፤ የበለጠ የቆረጠኝ ይህ ነው።

ሜትሮኗ ኮሪደሩ ላይ ጫማቸውን እያደረጉ ጠሩኝ። «ነገ ሦስት ሰዓት ቢሮዬ። እቴቴም። ሁለታችሁም የሆነውን ጽፋችሁ ትመጣላችሁ።»

«እሺ።»

«እኔም እጽፋለሁ» አሉ። «ቁልፉን ቅርጫት ውስጥ ክተቱ ያልኩት እኔ ነኝ።» ጫማቸውን አስረው ሲጨርሱ ቀና አሉ። «ኮሚቴው ምን እንደሚል አላውቅም። አልዋሽህም። ፈረቃህ ግን አላለቀም። የሰባተኛ አልጋ ትንፋሽ ያንተ ነው፤ ሌላውን ሞተር ይዞልሃል።»

ወንበር ስቤ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰዓቴን ከወለሉ ላይ ለቅሜ አስሬያለሁ፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ይሠራል። ልጃቸው ከዚያ ማዶ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ቆጠራ አስራ አራት ሆነ። ሁለተኛው አስራ ሦስት። ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ዓይናቸው እየከበደ መጣ፤ ማርከሻው ማለቅ ጀምሯል።

ደረታቸውን እያየሁ ቆጠርኩ። ምድር ቤት ውስጥ ሳለሁ የራቀኝ ዝምታ አሁን መጣ። ውስጡ እፎይታ የለም፤ ደረታቸው ሲነሳና ሲወድቅ ከማየት በቀር ምንም የለም።

«አስራ አንድ» አልኩ።

«አስር ነው» አለች ልጃቸው።

አየኋት። ሰዓቷን ዓይኗ ሥር ይዛ ከኔ ጋር ስትቆጥር ነበር ለካ።

«ደረቱ ሳይሞላ የተመለሰውን እንደ አንድ ቆጥረህዋል» አለች። «እሱ ትንፋሽ አይደለም።»

ምናልባት ልክ ናት። ምናልባት አይደለችም። በአስርና በአስራ አንድ መሀል አንድ መርፌ አለ። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ደርሶ ነበር፤ አነሳሁት። ሞተርን ሁለተኛውን ማርከሻ አዘጋጅቶ አጠገቤ እንዲቆም ጠራሁት።

«እንደገና» አልኳት። «ከዜሮ። አንቺ ያዥ።»

«ጀምር» አለች።